ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንና የተሳላሚዎቹ ቤት

የመጽሔታችን ዝግጅት ክፍል ለዘንድሮው እትም አንድ የሕይወት ታሪክ እንዳቀርብ በጠየቀኝ ጊዜ፣ ከእኔ የተጠበቀው ድልድይ የገነባ ወይም ግድብ የነደፈ ሰው ታሪክ እንደነበረ አልጠፋኝም። እኔ ግን የመረጥሁት ሐኪም ነው። ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን ካረፉ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ስማቸውም በአመዛኙ ከባለቤታቸው ከዶክተር ካትሪን ሐምሊን ስም ጋር ተያይዞ፣ አንዳንዴም ከእርሳቸው ስም በስተኋላ ተሸፍኖ ይነሣል። ለምርጫዬ ምክንያት አለኝ፤ ምክንያቱንም ከታሪኩ በፊት መናዘዝ ይገባኛል።

ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በሦስተኛው ዓመት ገደማ፣ በቦሌ ሚካኤል አካባቢ፣ አውሮፕላን በራስ ላይ በሚያልፍበት ቁጥር ሰው ንግግሩን አቋርጦ በሚጠብቅበት ሰፈር፣ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ሲሠራ የሳይት መሐንዲስ ሆኜ አገለግል ነበር። ባሬላ ከሚሸከሙት የቀን ሠራተኞች መካከል ከገጠር የመጣች፣ ዕድሜዋ ከአሥራ ሰባት የማያልፍ ልጅ ነበረች። ማደሪያ ስላልነበራት ከሲሚንቶ መጋዘኑ ጎን በቆርቆሮ በተከለለች ጠባብ ክፍል ታድር ነበር። በሩ መወርወሪያ አልነበረውም። አንድ ቀን ማለዳ ፎርማኑ ወደ ጎን ጠርቶ ሌሊቱን የደረሰባትን ነገረኝ። እኔም የአሥራ አምስት ቀን ሒሳቧ እንዲሠራላት፣ ከኪሴም የመሳፈሪያ ተጨምሮላት ወደ አገሯ እንድትሸኝ አዘዝሁ። ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ሐኪም ዘንድ የወሰዳት የለም፤ ለፖሊስ ያመለከተላት የለም፤ ምን እንደምትፈልግም የጠየቃት የለም። በዚያው ዕለት ከቀትር በኋላ የሁለተኛውን ፎቅ አርማታ ሞላን።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባዬን ተከትዬ የፊስቱላ ሆስፒታሉን ለማየት ዕድል ገጠመኝ። በአበባ የተሞላ ግቢ ነው፤ ዳገቱ ላይ ሆኖ ቁልቁል ወደ ወንዙ ያያል። በልዩ ልዩ ቀለም ክር የተሠራ ሹራብ ትከሻቸው ላይ የጣሉ ሴቶች በረንዳው ላይ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ይጨዋወታሉ። ያቺን ልጅ ያን ጊዜ አስታወስኋት። ይህን ቤት ያሰበው ሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ መጽሐፍ ማገላበጥ የጀመርሁትም ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

ሬጂናልድ ሐምሊን የተወለዱት በኒው ዚላንድ ናፒየር በተባለች የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር 1908፣ በእኛ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. ነው። የማሕፀንና የጽንስ ሐኪም ከሆኑ በኋላ በአውስትራሊያ፣ ሲድኒ ከተማ፣ ክራውን ስትሪት በተባለው የወላዶች ሆስፒታል የሕክምና ኃላፊ ሆኑ። ስማቸው በመጀመሪያ የተሰማውም በዚያ ነው። በዚያ ዘመን ነፍሰ ጡሮች የደም ግፊታቸው እየናረ፣ ሰውነታቸው እያበጠ፣ በመጨረሻም እየተንዘፈዘፉ የሚሞቱበት ኤክላምፕሲያ የተባለው በሽታ ከባድ ሥጋት ነበር። ዶክተር ሐምሊን ነፍሰ ጡሮቹ በየጊዜው ክብደታቸው እንዲመዘን፣ የደም ግፊታቸው እንዲለካ፣ አመጋገባቸውም እንዲስተካከል ጥብቅ ሥርዓት አወጡ፤ በዚያም ሆስፒታል በሽታው ከሞላ ጎደል ጠፋ። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1952 ላንሴት በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት አሳተሙት። የአመጋገቡ ደንብ ዛሬ እንደ ቀድሞው አይታመንበትም። ትርፉ ያለው ግን በሌላው በኩል ይመስለኛል፤ አደጋን ደርሶ ከማዳን ይልቅ ሳይደርስ በየሳምንቱ በሚዛንና በመለኪያ መጠበቅን ሥራዬ ብለው የያዙ ሰው ነበሩ። መሐንዲስ ይህን ጠባይ ለመውደድ ብዙ ማሰብ አያስፈልገውም።

ካትሪን ኒኮልሰን የተባለች ወጣት ሐኪም በዚያው ሆስፒታል ትሠራ ነበር። በዕድሜ አሥራ ስድስት ዓመት ይበልጧታል። እ.ኤ.አ. በ1950 ተጋቡ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሪቻርድ የተባለ ልጅ ወለዱ። በእንግሊዝና በሆንግ ኮንግም ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1958 በዚሁ ላንሴት መጽሔት ገጽ ላይ አንድ የሥራ ማስታወቂያ አዩ፤ የኢትዮጵያ መንግሥት በአዲስ አበባ በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት የሚያቋቁም የማሕፀንና የጽንስ ሐኪም ይፈልግ ነበር።

ስለ ሆስፒታሉ ስም አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን ለንደን ውስጥ በነርስነት ሠልጥነው፣ ከነፃነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው ሥራ የጀመሩ ነበሩ። በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ለቀምት ላይ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም በሃያ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ። የንጉሠ ነገሥት ልጅ፣ ራሷም የሕክምና ባለሙያ ሆና፣ በቂ ሕክምና ከሌለበት ቦታ ከተገኘች ከዚህ ሞት አልዳነችም። በስማቸው የተሠራው ሆስፒታል በሲልቪያ ፓንክረስት አስተባባሪነት በእንግሊዝ አገር በተሰበሰበ ገንዘብ ጭምር ታግዞ በ1944 ዓ.ም. ተከፈተ። ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው ነው።

ባልና ሚስቱ የስድስት ዓመት ልጃቸውን ይዘው በግንቦት 1951 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ውላቸው የሦስት ዓመት ነበር። ዶክተር ሬጂናልድ ያን ጊዜ የሃምሳ አንድ ዓመት ጎልማሳ ናቸው፤ በዚህ ዕድሜ ብዙ ባለሙያ ያካበተውን ይጠብቃል እንጂ አዲስ አገርና አዲስ ሙያ አይጀምርም። በመጡ በመጀመሪያው ምሽት አንድ የሙያ ባልደረባ የፊስቱላ ሕሙማን ልባቸውን እንደሚሰብሩት አስጠንቅቋቸው እንደነበረ ካትሪን ሐምሊን ኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው ገልጸዋል። ሁለቱም ሐኪሞች እስከዚያ ቀን ድረስ ፊስቱላን በመጽሐፍ እንጂ በዓይናቸው አይተውት አያውቁም ነበር።

ፊስቱላ ምን እንደሆነ ለባልደረቦቼ በምንግባባበት ቋንቋ ላስረዳ። ምጥ ሲጠና፣ የሚረዳ ሐኪም ወይም አዋላጅ ሲታጣ፣ ወላዷ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ቀን ታምጣለች። የጽንሱ ራስ የሽንት ፊኛዋን ከዳሌ አጥንቷ ጋር አጣብቆ ይጫነዋል። በተጫነው ሥጋ ውስጥ ደም አይዘዋወርም፤ ደም ያልደረሰው ሥጋ ይሞታል። ልጁ አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል። ከጥቂት ቀናት በኋላ የሞተው ሥጋ ተቆርሶ ይወድቃል፤ በቦታውም ቀዳዳ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ሽንት፣ አንዳንዴም ዓይነ ምድር፣ ቀንና ሌሊት ያለማቋረጥ ይፈስሳል። ነርቯ ከተጎዳ እግሯ አይታዘዛትም። ጫና፣ ጊዜ፣ የቁስ መዳከም፣ ፍሳሽ፤ እኛ በየቀኑ በብረትና በአርማታ ላይ የምናሰላው ነገር ሁሉ በአንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አካል ላይ ይፈጸማል። የሚያሳፍረው ግን ጉዳቱ ብርቅ ነገር አለመሆኑ ነው። መንገድና አምቡላንስ፣ የሠለጠነ አዋላጅና የቀዶ ሕክምና ክፍል በጊዜው ቢገኙ አይደርስም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። አብዛኛው ፊስቱላ የሚመጣው ከምጥ ነው እንጂ በቀጥታ ከመደፈር አይደለም፤ በጾታዊ ጥቃት ብቻ የሚደርስም አለ፤ ሁለቱን ማምታታት አይገባም። ነገር ግን ወደ ምጡ ያደረሳት መንገድ ምን ነበር ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ ጠለፋን ወይም ያለዕድሜ ጋብቻን ያገኛል። ሐምሊኖች በመጡበት ዓመት ማግሥት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጃገረድ በአሥራ አምስት ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደግሞ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት የሚድንበትን በር ከፍቶለት ነበር። የጋብቻው ዕድሜ ወደ አሥራ ስምንት ከፍ ያለው በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው፤ ያ በር የተዘጋው ደግሞ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ነው። ዶክተር ሬጂናልድ ሁለቱንም ሳያዩ ዐርፈዋል። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ያከሟቸው ሴቶች፣ በእነርሱ ላይ የተደረገው ነገር በከፊል በሕግ የተፈቀደ ነበር።

ሁለቱን ጉዳቶች ከምንም በላይ የሚያመሳስላቸው ግን ከጉዳቱ በኋላ የሚመጣው ነው። የተጎዳችው ትደበቃለች። ባል ይፈታታል፤ ዘመድ ከቤት ኋላ ጎጆ ይሠራላታል፤ ከሰው ጋር ቡና አትጠጣም፤ ቤተ ክርስቲያን አትስምም። በደሉ በእርሷ ላይ ተፈጽሞ ሳለ ኀፍረቱን የምትሸከመው እርሷ ናት። ብዙዎቹ ይህ ነገር በዓለም ላይ በእነርሱ ብቻ የደረሰ ይመስላቸዋል። አውቶቡስ ውስጥ ከሽታው የተነሣ የሚያስወርዳቸው ስለነበረ አንዳንዶቹ ቀናትና ሳምንታት በእግር ተጉዘው፣ የመሳፈሪያ ለምነው አዲስ አበባ ይደርሱ ነበር። ሐምሊኖች በሽተኛ ከማለት ይልቅ የፊስቱላ ተሳላሚዎች ይሏቸው የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ ስም ከእንግሊዝኛው ይልቅ የከበደ ትርጉም አለው። ተሳላሚን አይገፉትም፤ ውኃ ያቀርቡለታል፤ እግሩን ያጥቡታል።

ቀዶ ሕክምናውን የሚያስተምራቸው ሰው በአገሩ አልነበረም። ስለዚህ ባልና ሚስቱ መጻሕፍትና የሕክምና መጽሔቶች እያስመጡ በማታ ያጠኑ ጀመር። ከረዷቸው አንዱ በካይሮ ሲያክሙ የኖሩት ናጊብ ማሕፉዝ ፓሻ ናቸው። የኖቤል ተሸላሚው የግብፅ ደራሲ ስሙን ያገኘው ካዋለዱት ከእኒህ ሐኪም ነው። የዘዴው ጥንተ ታሪክ ግን ወደ አሜሪካ ይወስዳል፤ ታሪኩም አያስደስትም። እ.ኤ.አ. ከ1845 እስከ 1849 በአላባማ ጄምስ ማሪዮን ሲምስ የተባለ ሐኪም ፊስቱላን በብር ክር መስፋት የቻለው በባርነት በተያዙ ጥቁር ሴቶች ላይ ያለማደንዘዣ ደጋግሞ በመሞከር ነው። አናርካ የተባለችው ሠላሳ ጊዜ ገደማ ተቀድዳለች። ፈቃዷን የጠየቀ አልነበረም። ሲምስ ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1855 በኒው ዮርክ የሴቶች ሆስፒታል አቋቋመ፤ ዘመን ሲለወጥ፣ በሽታውም ከዚያ አገር ሲጠፋ ሆስፒታሉ ከቦታው ተነሣ፤ ዛሬ በዚያ ሥፍራ ዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል ቆሞበታል። በእጃችን ያለው ጥበብ ከማን ሥቃይ እንደተገኘ ማወቅ ለማንኛውም ባለሙያ ይጠቅማል። ዶክተር ሬጂናልድ ያንኑ ጥበብ ተቀብለው በማደንዘዣ፣ በፈቃድና ያለክፍያ ሠሩበት። ከገንዘቡ ይልቅ ሁለተኛው ነገር፣ ፈቃዱ፣ ትልቁ ልዩነት ነው እላለሁ።

ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ጠባሳው ይላቀቃል፤ ፊኛው ሳይሳሳብ እንዲገጥም ከዙሪያው ይለቀቃል፤ ይሰፋል፤ ከዚያም ቀለም ያለው ውኃ ተሞልቶበት የሚያንጠባጥብ እንደሆነ ይታያል። እኛ የተዘረጋን ቧንቧ አፈር ከማልበሳችን በፊት የምናደርገውን ሙከራ ይመስላል። ሽንት መውጫው ጨርሶ የጠፋባቸው ሴቶች አብዛኛው ሐኪም ተስፋ የሚቆርጥባቸው ነበሩ፤ ባልና ሚስቱ ለእነዚህ አዲስ መውጫ የሚሠራበትን ዘዴ አውጥተው እ.ኤ.አ. በ1969 በብሪታኒያ የሕክምና መጽሔት ላይ አሳተሙ። በጽሑፉ ላይ ካትሪን የተጠቀሱት ኒኮልሰን በሚለው የአባታቸው ስም ስለሆነ፣ አንባቢው የባልና የሚስት ሥራ መሆኑን በቀላሉ አይረዳም።

ወሬው በገጠር ተዳረሰ፤ በየቀኑ በሆስፒታሉ በር የሚቆሙ ሴቶች በዙ። በአጠቃላይ ሆስፒታል ውስጥ ግን ለእነርሱ የሚሆን አልጋ አይበቃም ነበር። ድንገተኛ ምጥ የያዛት ትቀድማለች፤ ሌሎች ሕሙማንም ከሽታው የተነሣ ያጉረመርማሉ። ስለዚህ በግቢው ውስጥ ለብቻ መጠለያ ቤት ተሠራላቸው። ይህ ቤት ከሕንፃ አንጻር ምንም አይደለም። በእኔ ግምት ግን የዶክተር ሬጂናልድ ዋነኛ ግኝት የተገለጠው በቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን በዚያ መጠለያ ውስጥ ነው። ራሷን ብቸኛ አድርጋ ትቆጥር የነበረች ልጅ በሩን ከፍታ ስትገባ፣ እንደ እርሷ ያሉ ሴቶች ተቀምጠው ታገኛለች። ምን ሆንሽ ብሎ የሚመረምራት የለም፤ ሁሉም ያውቁታል። ገና አንድ መርፌ ሳይነካት የመጀመሪያው ሕክምና ተጀምሯል ማለት ነው።

ኋላም የሆስፒታሉ አሠራር በዚሁ ላይ ተመሠረተ። ሕሙማኑን የሚያጥቡ፣ የሚያነጥፉ፣ የሚያጽናኑ ረዳቶች አብዛኛዎቹ ቀድሞ ራሳቸው ሕሙማን የነበሩ ሴቶች ሆኑ። ድና የምትወጣ ሴት አዲስ ቀሚስ ይሰጣታል። ብዙ ሰው ይህን ምጽዋት አድርጎ ያየዋል። እኔ እንደገባኝ ግን ቀሚሱ የሕክምናው የመጨረሻ ክፍል ነው፤ የመጣችበት ልብስ ያረፈበትን ታሪክ ተሸክሞ ወደ አገሯ እንዳይመለስ ነው። በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶችም እንዳሳዩት፣ እጅግ የሚበዙት ሴቶች ወደ ሕክምና ሲመጡ ከባድ የመንፈስ ጭንቀት ያለባቸው ናቸው፤ ፍሳሹ ሲቆም ጭንቀቱ በብዙዎቹ ይቀንሳል። በሁሉም ግን አይጠፋም። ቀዳዳው ተሰፍቶ ልቧ ያልተመለሰላት ሴት አለች።

ከእነዚህ ሴቶች መካከል የአንዲቱን ታሪክ ሳልጠቅስ የዶክተር ሬጂናልድ ታሪክ አይሞላም። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ሳሉ ከገጠር የመጡ፣ በመጀመሪያ ምጣቸው ልጃቸውን ያጡና ክፉኛ የተጎዱ ነበሩ። ፊደል አልቆጠሩም። ከታከሙ በኋላ አልጋ እያነጠፉ፣ ሕሙማንን እያጠቡ በዚያው ቀሩ። ዶክተር ሬጂናልድ የልጅቱን እጅ አዩ። መሣሪያ እንድታቀብል ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል አስገቧት፤ ቀጥሎም እጇን በእጃቸው ይዘው ማሳየት ጀመሩ፤ በመጨረሻም ብቻዋን እንድትሠራ ፈቀዱላት። ዕውቅ የፊስቱላ ቀዶ ሐኪም ወጣቸው፤ ከውጭ አገር ለመማር የመጡ ሐኪሞችንም አሠለጠኑ። እ.ኤ.አ. በ1989 የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ የወርቅ ሜዳልያ በሰጠ ጊዜ ወይዘሮ ማሚቱ ከሐምሊኖች ጋር ተካፈሉት። ዲግሪ ቆጥረን ሰውን ለምንመዝን ለእኛ ይህ ነገር ሊቆረቁረን ይገባል። ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር ቢደረግ ፈቃድ ሰጪው ክፍል ምን ይል እንደነበረ አስባለሁ፤ ጥርጣሬውም ያለምክንያት አይሆንም። ነገር ግን ተጎጂዋን እንደ ተጎጂ ብቻ አለማየት እስከምን ድረስ ሊወስድ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

የራሳቸውን ሆስፒታል ለመሥራት ዓመታት ፈጀባቸው። መሬት ገዙ፤ በየአገሩ ደብዳቤ ጻፉ፤ ገንዘብ ለመኑ። ሆስፒታሉ እ.ኤ.አ. በ1974 በወንዝ ዳር ተከፈተ። ዓመቱን አንባቢ ልብ ይበል፤ ዘውዳዊው መንግሥት የወደቀበት ዓመት ነው። አያሌ የውጭ ዜጎች ዕቃቸውን እየሸከፉ አገር ሲለቁ ሐምሊኖች ቀሩ። የቀይ ሽብሩን ዘመንም በዚያው ግቢ አሳለፉት። ዶክተር ሬጂናልድ በዚያን ጊዜ ሰባ ዓመት ሊሆናቸው ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። በሰማንያኛው ዓመታቸው ገደማ እንኳ ከሕሙማኑ አልተለዩም።

ፍጹም ሰው አድርጌ ላቀርባቸው አልሻም። ወደ ኢትዮጵያ የመጡበት ሥራ፣ ማለትም የአዋላጆች ትምህርት ቤቱ፣ ጥቂቶችን ብቻ አስመርቆ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ያለ አርባ ዓመት ያህል የተሠራው ሥራ ሁሉ ትምህርት ቤቱ ቢኖር ኖሮ በከፊል ሊቀር የሚችለውን ጉዳት መጠገን ነበር። ጥፋቱ የእርሳቸው አይደለም፤ ነገር ግን በሲድኒ አደጋን አስቀድመው ይጠብቁ የነበሩት ሰው በአዲስ አበባ ዕድሜያቸውን የፈጁት ከአደጋው በኋላ ባለው ሥራ ላይ ነው። ከባሕር ማዶ ገንዘብ ለማግኘት የሴቶቹ ሥቃይ ደጋግሞ መነገሩም አንዳንዴ አያስደስተኝም። የሚያለቅስ ፊት ገንዘብ ያመጣል፤ ፊቱ ግን የባለቤቱ ነው።

ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን በሐምሌ 28 ቀን 1985 ዓ.ም. በሰማንያ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው ሥራውን ከዚያ በኋላ ሃያ ሰባት ዓመት ያህል መርተው በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ተከተሏቸው። በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ተመሳሳይ ሆስፒታሎች ተከፈቱ። በቀዶ ሕክምና ሙሉ በሙሉ ሊድኑ ያልቻሉ ሴቶች ሠርተው የሚኖሩበት ደስታ መንደር ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ተመሠረተ። የአዋላጆቹም ኮሌጅ፣ ባልየው ሊያቋቁሙት መጥተው የተዘጋው ያ ትምህርት ቤት፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በሌላ መልክ ተመለሰ። እስከ ዛሬ ከስድሳ ሺህ በላይ ሴቶች በእነዚህ ቤቶች ታክመዋል።

ይህን ታሪክ ከራሴ ሳይት ጋር ያያዝሁት ያለ ነገር አይደለም። የተደፈረች ሴት በሰባ ሁለት ሰዓት ውስጥ ሐኪም ዘንድ ከደረሰች የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት ይሰጣታል፤ እርግዝናንም እስከ አምስት ቀን ድረስ መከላከል ይቻላል። ያቺን ልጅ አውቶቡስ ላይ ስናሳፍራት ሰዓቱ በእጃችን ነበር። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሐኪም፣ የሥነ ልቡና ባለሙያ፣ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ በአንድ ቦታ የሚገኙበት ማዕከል አለ። የዚህም ሐሳብ ተጎጂዋ ታሪኳን በየቢሮው እየዞረች ለአምስት ሰው አምስት ጊዜ እንዳትናገር ነው። የሐምሊን መጠለያ ምሥጢርም ይኸው ነበር። በኮንጎ ቡካቩ የዶክተር ዴኒስ ሙክዌጌ ፓንዚ ሆስፒታልም በጦርነት የተደፈሩ ሴቶችን ሲቀበል ቁስሉን፣ ልቡናውን፣ ሕጉንና እንጀራውን አንድ ላይ አድርጎ ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በሰሜን አገራችን በነበረው ጦርነት ሴቶች የደረሰባቸውን በምርመራ ዘገባ አንብበናል። ብዙዎቹ ዛሬም መጠለያና ሐኪም ይሻሉ፤ መጠለያውን የሚሠራ መሐንዲስም ይሻሉ።

ምን ዓይነት መጠለያ የሚለው ጥያቄ የእኛ ነው። ከውስጥ የሚቆለፍ በር፤ ለመታጠብ የሚበቃ ውኃ፤ ማታ ወደ መጸዳጃ የሚያደርስ ብርሃን ያለው መንገድ፤ ሰው ሳያያት የምትገባበት መግቢያ፤ ነገር ግን ብቻዋን የማታድርበት ክፍል። አልጋዎቹ ተቀራርበው መደርደራቸው የቦታ ጥበት ብቻ እንዳይመስለን፤ በፊስቱላ ሆስፒታሉ ያየሁት ይህንኑ ነው። ከእነዚህ አንዱም ውድ አይደለም። በእኔ ሳይት ላይ የጎደለው መወርወሪያ ዋጋ ያን ዕለት ከሞላነው አርማታ የአንድ ባሬላ ያህል አይሆንም ነበር።

ልጅቱን ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። ስሟ በቀድሞው የደመወዝ መዝገብ ላይ ከአውራ ጣቷ አሻራ ጋር ተጽፎ ነበር፤ መዝገቡ አሁን የት እንዳለ አላውቅም። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በምዘጋጀው የሥራ ዝርዝር ውስጥ፣ ከጊዜያዊ መጋዘንና ከጥበቃ ቤት ቀጥሎ፣ ለሴት ሠራተኞች ማደሪያና መጸዳጃ የሚል አንድ ተራ አስገባለሁ። ባለቤቱ ዋጋ እንዲቀንስለት ሲጠይቅ መጀመሪያ የሚሰረዘው እርሱ ነው። ሁለት ጊዜ ተሰርዞብኛል። በቦሌ ሚካኤል ከቤተ ክርስቲያኑ ብዙም ሳይርቅ አሁን በምንሠራው ሕንፃ ላይ ግን ተከራክሬ አስቀርቼዋለሁ፤ ክፍሏ በብሎኬት የተሠራች ሁለት በሦስት ሜትር ናት፤ አራት ሴቶች ያድሩባታል፤ ቁልፉም በእነርሱ እጅ ነው።